የእርዳታ እራታችን ፎቶ አንሺዎች

በዚህች የኢዮቤልዩ መጽሔት ውስጥ የምታገኟቸው የቆዩ ፎቶግራፎች አብዛኞቹ የተነሱት እዚህ ናይሮቢ ባዘጋጀናቸው የገቢ ማሰባሰቢያ የእራት ምሽቶች ላይ ነው። ከፎቶዎቹ ሥር የሊቀመንበሩ ስም ተጽፏል፣ የክብር እንግዳውም ስም ተጽፏል፤ የፎቶ አንሺው ስም ግን የለም። ፎቶ አንሺዎቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። አንዱ መካኒክ፣ አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዱ ገና ወረቀቱን የሚጠብቅ ስደተኛ ነበር። እኔም ለጥቂት ዓመታት ከእነርሱ ጋር ካሜራ ይዤ ስለቆምኩ፣ ይህን ታሪክ ጻፍ ስባል እሺ ያልኩት በደስታ ነው።

የእራት ምሽት ልማዳችን ከሁለት ወገን የተወረሰ ነው ማለት ይቻላል። ከአገራችን እድርና እቁብን ይዘን መጥተናል። ኬንያ ደግሞ «ሀራምቤ» ትላለች፤ «በአንድነት እንጎትት» እንደማለት ነው። ጆሞ ኬንያታ አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የሕዝብ መፈክር ያደረጉት ቃል ሲሆን፣ በአገሪቱ ዓርማ ላይም ተጽፎ ይገኛል። ትምህርት ቤትም ሆነ ክሊኒክ ሲታሰብ ጎረቤት ተሰብስቦ ያለውን ያዋጣል። እኛም በዚያው መንገድ ቲኬት ሸጠን፣ አዳራሽ ተከራይተን፣ ቡፌ ደርድረን፣ ቶምቦላና ጨረታ አክለንበት፣ በመጨረሻ በእስክስታ እንለያያለን። የተሰበሰበው ገንዘብ ለታመመ፣ ለቀብር፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ አገር ቤት ድርቅ ሲሆንም ለወገን ይሄዳል።

ታዲያ ሰው በልቶ ጠጥቶ ጨፍሮ ለተራበ ገንዘብ ሲሰበስብ ፎቶው ምን ያሳይ? ይህ ጥያቄ ለኛ ትውልድ ቀላል አይደለም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ከዓመት በኋላ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫው ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር ቀላቅሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የድግሱ ምስሎች ሲነሱ የታሰበላቸው ነገር ሌላ ነበር፤ ከተራበ ሰው ፊት አጠገብ ሲቀመጡ ግን ክስ ሆኑ። ያንን ማታ በቴሌቪዥን ያዩ አንዳንድ አባቶቻችን በኮሚቴያችን ውስጥ ነበሩ። ለፎቶ አንሺው የሚሰጡት መመሪያም አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ ሰው ሲጎርስ እንዳታነሳ። ብርጭቆም አታሳየን።»

ወጣቶቹ በዚህ ይስቁ ነበር። እኔ ግን ትእዛዙ ትክክል ነበር እላለሁ። በዚያ ምክንያት ከእነዚያ ዓመታት የተረፉልን ፎቶዎች የሚያሳዩት የተበላውን ሳይሆን የተሠራውን ነው፦ በጨረታ እጁን የሚያነሳ ሰው፣ ቶምቦላ የምታወጣ ሕፃን፣ ሌሊቱን ገንዘብ የሚቆጥሩ ሦስት ሰዎች፣ ከፊታቸውም የሻይ ብርጭቆ። (ሻይ ተፈቅዷል።)

የምንኖርባት ከተማም ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የምታስተምረው አላት። የናይሮቢው መሐመድ አሚን ካሜራውን ይዞ ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም የገባው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነበር። ፊልሙ ጥቅምት 13 ቀን ታየና ዓለምን አስነሳ፤ በሐምሌ 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት መነሻው ያ ፊልም ነው። አሚን በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም ሞተ። አሚን ግን በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን ዳግም አነሳ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ሲተርፉ እርሱ ከሞቱት መካከል ነበር። በዚያ በረራ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይጠብቅ የነበረ የናይሮቢ ቤተሰብ ቀኑን እስከ ዛሬ አይረሳውም።

የኮረም ምስሎች ሕይወት አድነዋል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በውጭ አገር ኢትዮጵያዊ ነኝ ያለ ሁሉ በቅድሚያ በዚያ ምስል ይታይ ነበር። ስለዚህ አዳራሻችን ግድግዳ ላይ የተራቡ ሕፃናት ትልልቅ ፎቶዎች ይሰቀሉ ወይስ አይሰቀሉ የሚለው ክርክር በኮሚቴው ብዙ ጊዜ ተነስቷል። «ካልተሰቀለ ኪስ አይከፈትም» የሚሉ ነበሩ። «ልጆቻችን እራት እየበሉ አገራቸውን በዚህ ብቻ ይወቁ?» የሚሉም ነበሩ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ የመጀመሪያዎቹም ግን ከንቱ አልነበሩም።

ፎቶ መነሳት ራሱ የሚያስፈራቸው ወገኖችም ነበሩን። በደርግ ዘመን ሸሽቶ የወጣ ሰው ፊቱ በማን እጅ እንደሚገባ አያውቅም፤ አገር ቤት የቀሩ ወላጆቹን ያስባል። ፍላሽ ሲበራ ነጠላዋን ወደ ፊቷ የምትስብ፣ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ የሚል ሰው በየምሽቱ አይጠፋም። ጥሩ ፎቶ አንሺ እነዚህን ሰዎች ለይቶ ያውቃቸዋል፤ ካሜራውንም ዝቅ አድርጎ ያልፋል። በመሆኑም ከአልበሞቻችን የጎደሉ ሰዎች ሁሉ ከግብዣው የቀሩ አልነበሩም።

ሥራው ራሱ ቀላል አልነበረም። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ለአንድ ምሽት የሚሰጠን ሦስት ወይም አራት ጥቅል ነበር። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ የሐበሻ ልብሳችን ነው። ካሜራ ብርሃኑን የሚለካው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው፤ አዳራሹ በነጭ ሸማ ሲሞላ «በጣም በርቷል» ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ጥለቱ አምሮ፣ የባለቤቶቹ ፊት ግን ጠቁሮ ይገኛል። መፍትሔው ካሜራውን ሳያምኑ ብርሃን መጨመርና ፍላሹን ወደ ነጭ ጣሪያ አዙሮ መተኮስ ነው። ጣሪያው ቡናማ እንጨት ከሆነ ይህም አይሠራም፤ ሰው ሁሉ ወባ የያዘው ይመስላል።

ፎቶዎቹ ከታጠቡ በኋላ በሚቀጥለው ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፤ ፈላጊው የራሱን መርጦ ይገዛል፣ ከወጪ የተረፈው ወደ እርዳታው ሣጥን ይገባል። ሰው የሚገዛው የራሱን ፊት ስለሆነ፣ ፎቶ አንሺው ጥቅሉን በደንብ በለበሱ እንግዶች ላይ ጨርሶ ቢወጣ አይፈረድበትም። ከሁለት ቀን ጀምሮ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ እንጀራ ሲጋግሩ የሰነበቱት እናቶች ግን በሽርጥ ነበሩ፤ ማንም ና አንሳን አላለም። የመጨረሻዎቹን ሁለትና ሦስት ፎቶዎች ለወጥ ቤት ይዞ የማቆየት ልማድ ያመጣው ሒሳብ ሠራተኛው ነው። በዚህች መጽሔት ውስጥ ከድስት ጀርባ ቆመው የሚስቁት እትዬዎች የተገኙት በእርሱ ቁጠባ ነው።

ከዚያ ዲጂታል መጣ። ፊልምን ለዓለም ያዳረሰው ኮዳክ በጥር 2012 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ እኛም ከዚያ በፊት ፊልም መግዛት ትተን ነበር። አሁን በአንድ ምሽት በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ይነሳል፤ ሁሉም በየስልኩ ይዞት ይሄዳል፣ ስልኩ ሲሰበር አብሮ ይቀራል። ይህን መጽሔት ስናዘጋጅ ከፊልሙ ዘመን ሣጥን ሙሉ ፎቶ አገኘን፤ ከዲጂታሉ የመጀመሪያ ዓመታት ያገኘነው ጥቂት ነው። የሣጥኑም ችግር ሌላ ነው፦ ፊቶች አሉ፣ ስም የለም። የሚያውቋቸው ሰዎች እያረጁ ነው፤ አንዳንዶቹም አርፈዋል።

ስለዚህ በየቤታችሁ ያለውን አልበም ይዛችሁ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኑ፤ ፎቶው እየተቀዳ ወዲያው ይመለስላችኋል። ከተቻለ እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ሣጥኑን ከፍተን ማን ማን እንደሆነ እንጠይቃቸዋለን። ጀርባው ላይ ስም ስትጽፉ እስክሪብቶ አትጠቀሙ፤ ተጭኖ ከፊት ይታያል፣ ቀለሙም ከላዩ የተደረበውን ፎቶ ያበላሻል። ለስላሳ እርሳስ ይሻላል። ወረቀቱ አንሸራታች ሆኖ እርሳስ ካልያዘ ፎቶውን ፖስታ ውስጥ አስገቡና ስሙን፣ ዓመቱንና ከታወቀም ያነሳውን ሰው ስም ፖስታው ላይ ጻፉ።