ገጪው ኢንሹራንስ ከሌለውስ? የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ሰው በመኪና ተገጭቶ ሲወድቅ በአካባቢው ያለ ሕዝብ መጀመሪያ የሚጮኸው «ታርጋውን ያዙት!» ብሎ ነው። ልክ ነው። ታርጋ ከተያዘ ባለቤት ይገኛል፤ ባለቤት ከተገኘ ፖሊስና ፍርድ ቤት ይከተላሉ። ነገር ግን ባለቤቱ ተገኝቶ፣ ጥፋቱ ተረጋግጦ፣ «ካሳ ክፈል» ተብሎ ተፈርዶበት፣ የሚከፍለው ገንዘብ ባይኖረውስ? ኢንሹራንስ ሳይገባ ሲነዳ የኖረ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። መንግሥታት ግን መልሱን ለማግኘት ብዙ ዐሥርት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ እኛ ደግሞ ከብዙዎቹ ዘግይተናል። ዛሬ የተገጨ ሰው በየቢሮው ለምን እንደሚንከራተት ለመረዳት ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል።

ከእንግሊዝ እንጀምር፤ መንገዱን ደረጃ በደረጃ የሄዱበት እነሱ ናቸውና። በእንግሊዝ የ1920ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመኪና የሚሞቱበት ዘመን ነበር፤ በ1930 ብቻ የሟቾቹ ቁጥር ከ7000 በላይ ነበር። የሟቹ ቤተሰብ ከስሶ ይረታል፤ ሹፌሩ ግን ባዶ ኪሱን ያሳያል። ስለዚህ ፓርላማው በ1930 የመንገድ ትራፊክ ሕግ አውጥቶ ከጥር 1 ቀን 1931 ጀምሮ ማንም ሰው የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መኪና በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ከለከለ። ሕግ አውጪዎቹ ነገሩ በዚህ የተዘጋ መስሏቸው ነበር።

አልተዘጋም። ሕጉ ሰውን «ኢንሹራንስ ግባ» ማለት ይችላል፤ ያልገባውን ግን በአደጋው ቀን ገንዘብ ያለው አያደርገውም። ኢንሹራንስ የገባውም ቢሆን፣ ኩባንያው «ውሉ ላይ ያልተናገረው ነገር ነበረ» እያለ ያፈገፍግ ነበር። ሰር ፊሊክስ ካሰል የመሩት ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ በ1937 ሪፖርቱን አቀረበ፤ መሐል ላይ የሚቆምና ሌላ ከፋይ ሲጠፋ የሚከፍል አካል ያስፈልጋል አለ። ጦርነቱ መጣና ነገሩ ተንጠልጥሎ ቆየ። በመጨረሻ በ1946 የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ከትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጋር ተስማምተው የሞተር መድን ሰጪዎች ቢሮ የሚባለውን አቋቋሙ። ከሐምሌ 1 ቀን 1946 ጀምሮ ኢንሹራንስ በሌለው ሹፌር የተጎዳ ሰው አስፈርዶ ገንዘቡን ካጣ ቢሮው ይከፍለዋል። ገጭቶ ለተሰወረ፣ ታርጋው እንኳ ለማይታወቅ መኪናስ? ለዚያ የሚሆን ስምምነት እስኪመጣ ደግሞ 1969 ድረስ ተጠበቀ።

የቢሮው ገንዘብ የሚመጣው ከኩባንያዎቹ ነው፤ ኩባንያዎቹ ደግሞ የሚያገኙት ከደንበኞቻቸው ነው። ሲጠቃለል ሕግ አክብሮ ኢንሹራንስ የገባው ሰው ላልገባው ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም የሚሉ አሉ። እኔ ግን አማራጩን ሳስብ፣ እግሩን ያጣው እግረኛ ብቻውን ከሚሸከመው ሁላችንም በጥቂት በጥቂቱ ብንሸከመው ይሻላል ባይ ነኝ።

(ለቨርጂኒያ አንባቢዎቼ፦ የእናንተ ግዛት ለየት ያለ መንገድ ነበራት። እስከ ሰኔ 2024 ማብቂያ ድረስ አንድ ባለመኪና ለግዛቷ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ በሕጋዊ መንገድ መንዳት ይችል ነበር። 500ው ዶላር ለማንም ሽፋን አይሰጥም፤ ፈቃድ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው እዚያ ያላችሁ ሰዎች የራሳችሁ ፖሊሲ ውስጥ «ኢንሹራንስ የሌለው አሽከርካሪ» የሚለውን ሽፋን ስታዩ የኖራችሁት።)

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ታሪኩ አስገራሚ በሆነ ጥሩ ሕግ ይጀምራል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። ተጎጂው የሹፌሩን ጥፋት እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም። መኪናው ተሰርቆ ካልሆነ፣ ወይም ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የተጎጂው ካልሆነ በስተቀር ባለቤቱ ማምለጫው ጠባብ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሕግ የሌላቸው የበለጸጉ አገሮች ነበሩ።

ሕጉ ያልመለሰው ያንኑ የእንግሊዞቹን ጥያቄ ነው፤ ባለቤቱ ከሌለውስ? ባለቤቱን ማግኘትም ራሱን የቻለ ፈተና ሆነ። እኛ ዘንድ መኪና በውክልና ይሸጣል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሦስት ገዢ በፊት የነበረ ሰው ይሆናል። ተጎጂው የሚከሰው እሱን ነው፤ እሱም «ከሸጥኩት ቆየሁ» ይላል፤ የአሁኑ ባለይዞታ ደግሞ በስሙ ምንም የለም። በዚህ መሐል ሁለት ዓመት ካለፈ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ ራሱ በይርጋ ሊታገድ ይችላል።

የወንጀል ሕጋችን በቅጣት አይታማም። በቸልተኝነት ሰው የገደለ አሽከርካሪ፣ ነገሩ ከከበደ፣ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል። ታዲያ ሹፌሩ ታሰረ እንበል። የሟቹ ልጆች ትምህርት ቤት የሚከፍሉት ከየት ነው? የሹፌሩም ልጆች አባት አጡ። ሁለት ቤት ፈረሰ።

ይህን ክፍተት የሞሉት ሽማግሌዎች ናቸው። ጉማና የደም ካሳ ከመኪና በፊት የነበሩ ሥርዓቶች ናቸው፤ መኪና ሲመጣ ሥርዓቱ መኪናውንም ተቀብሎ ማስተናገድ ያዘ። የሹፌሩ ወገን ሽማግሌ ይልካል፣ የቀብሩን ወጪ ይሸፍናል፣ ለቤተሰቡ የሚችለውን ይሰጣል፣ የዕርቁም ወረቀት ፍርድ ቤት ቀርቦ ለቅጣት ማቅለያ ይውላል። ዘመድ የሌለው ሹፌር ከየት ያምጣ የሚለው ግን እዚህም አለ። በሌላው ወገን ደግሞ ለቅሶ ላይ ያለች ሚስት «ተቀበይና ይቅር በይ» ሲሏት እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብዳት ያየ ያውቀዋል። የተሰጣት ገንዘብ የባሏን የሃያ ዓመት ደመወዝ ይተካ እንደሆነ ማንም ቁጭ ብሎ አያሰላላትም።

ኢንሹራንስ ራሱ በአገራችን አዲስ ነገር አልነበረም። ደርግ 13 የግል ኩባንያዎችን ሲወርስ፣ ቦታቸውን የያዘው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ለዓመታት ብቻውን ሠራ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ኩባንያዎች ተመልሰው መጡ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪናውን ኢንሹራንስ ማስገባት በጥቅሉ የባለቤቱ ፈንታ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከወጣ 48 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 559 የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ አደረገ። እሱን ተክቶ በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799 ወጣ።

የእነዚህ አዋጆች ትልቁ ቁም ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አይደለም፤ የመድን ፈንዱ ነው። ኢንሹራንስ በሌለው ወይም ገጭቶ ባመለጠ መኪና አካሉ ለተጎዳ፣ ወይም ለሞተበት ቤተሰብ፣ ፈንዱ ካሳ ይከፍላል፤ ከዚያም ያለ ኢንሹራንስ የነዳውን ባለቤት ራሱ ያሳድደዋል። እንግሊዞቹ በ1946 ያገኙት መልስ ይኸው ነው። በተጨማሪ ማንኛውም የጤና ተቋም የመኪና አደጋ ተጎጂን «መጀመሪያ ክፈል» ሳይል የድንገተኛ ሕክምና እንዲሰጥ ተደነገገ፤ በ799ኙ አዋጅ እስከ 2000 ብር ድረስ።

ቁጥሮቹ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። አዋጅ 799 ለሞት ያስቀመጠው ካሳ ከ5000 ብር ያላነሰ፣ ከ40,000 ብር ያልበለጠ ነበር። ለንብረት ጉዳት ጣሪያው 100,000 ብር ነበር። ለአንድ ሰው ሞት ከተመደበው የሚበልጠው ለተጨፈለቀ መኪና የተመደበው ነበር ማለት ነው። ጣሪያው ከፍ የተደረገው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ በዚህ መሐል የብር አቅም ምን እንደሆነ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ከጣሪያው በላይ ያለውን ጉዳት ከባለቤቱ በፍትሐ ብሔር ክስ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህ ደግሞ ባዶ ኪስ ወዳለው ሰው ይመልሰናል።

ከሁሉ የሚገርመኝ አንቀጽ 2116 ነው። ለሟች ቤተሰብ ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሕጉ በወጣበት ዘመን 1000 ብር 400 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር፤ ለጊዜው የሚናቅ ገንዘብ አልነበረም። አንቀጹ ላይ ያለው ቁጥር ዛሬም ያው ነው።

ሌላው ችግር ዕውቀት ነው። ፈንዱ መኖሩን የማያውቅ ተጎጂ በጣም ብዙ ነው። ዛሬ ሥራው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት በሚባለው መሥሪያ ቤት ሥር ነው። የፖሊስ የአደጋ ሪፖርትና የሐኪም ማስረጃ ከሌለ ጥያቄው ቦታ አያገኝም፤ ስለዚህ በመንገድ ዳር «በሽምግልና እንጨርሰው» ተብሎ ፖሊስ ሳይጠራ የተበተነ አደጋ፣ በማግስቱ ጉዳቱ ሲብስ፣ ተጎጂውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ሽማግሌ መቀበል ከፈለጋችሁ ተቀበሉ፤ ሪፖርቱ ግን አስቀድሞ ይያዝ፣ ከሐኪም ቤት የወጣች እያንዳንዷ ደረሰኝም ትቀመጥ፣ የሁለት ዓመቱም ይርጋ ከአደጋው ቀን ጀምሮ ይቆጠር።