የዕፅዋትና የእንስሳት ሳይንስ በአንድ ጣሪያ ሥር፦ ከኦክስፎርድ ውህደት የሚነሣ ጥያቄ

በኦገስት 2022 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስና የሥነ እንስሳት ትምህርት ክፍሎቹን አዋሕዶ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል አቋቋመ። ለእርምጃው የሚሰጠው ምክንያት ሳይንሳዊ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ሕንፃም የራሱ ድርሻ ነበረው። የሥነ እንስሳት ሰዎች ይሠሩበት የነበረው የቲንበርገን ሕንፃ አስቤስቶስ ተገኝቶበት በ2017 ተዘጋ፤ በኋላም ፈረሰ። በቦታው አዲስ ሕንፃ ሲታሰብ ሁለቱን ለየብቻ ማስፈር ትርጉም አጣ። ተማሪዎቹማ ቀድሞውንም የሚመረቁት በአንድ ዲግሪ ነበር።

የሳይንሱን ምክንያት ለማየት ኬንያ፣ ላይኪፒያ ድረስ መሄድ ይሻላል። እዚያ የሚበቅል አንድ የግራር ዝርያ አንዳንድ እሾሁ ከሥሩ ያብጥና ለጉንዳን ማደሪያ ይሆናል፤ ከቅጠሉ ዕጢዎችም ጣፋጭ ፈሳሽ ያጠጣዋል። ጉንዳኑ በበኩሉ ቅጠል ሊቀነጥብ የመጣውን አውሬ እየነከሰ ያባርራል። ተመራማሪዎች ትልልቅ አራዊትን ለ10 ዓመት በአጥር ከልክለው ዛፎቹን ቢከታተሉ፣ በላተኛ የራቀለት ዛፍ ይፋፋል ሲባል እድገቱ ቀነሰ። ዛፉ ለዘቡ የሚሰጠውን ቀለብና ማደሪያ አሳነሰ፤ ዘቡ ተዳከመ፤ ግንድ የሚቦረቡር ጥንዚዛ የሚመቸው ሌላ ጉንዳን ቦታውን ያዘ። ይህ ጥናት የዕፅዋት ነው የእንስሳት ብሎ የሚጨነቅ ሬጅስትራር ብቻ ነው።

ጥናቱ ግን በ2008 ሲታተም የማንንም ውህደት አልጠበቀም። ውህደት የሚከብደው ቅጥር ላይ ነው። ሣርን ከሣር በአበባው ለይቶ የሚያስተምር መምህር ጡረታ ሲወጣ መደቡ የጋራ ቋት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ የሚያወጣው የምርምር ገንዘብ የሚያመጣ ሰው ነው። ኦክስፎርድ ለዚህ አጥር አለው፤ ዊልያም ሼራርድ በተናዘዘው ሀብት የቆመውና በ1734 የመጀመሪያው ሰው የተሾመበት ወንበር የዕፅዋት ነው፤ ትምህርት ክፍል ስሙን ቢቀይር ወንበሩ አይሸሽም።

እንዲህ ያለ ኑዛዜ የሌለን እኛስ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተቃራኒው ባዮሎጂን ከፍሎ ለዕፅዋትና ለእንስሳት የየራሳቸውን ትምህርት ክፍል ሰጥቶ ነበር። በብሔራዊ ሄርባሪየሙ የተመራው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ዝርዝር ዝግጅት ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ፈጅቷል። እንዲህ ያለ ሥራ በዓመታዊ የአፈጻጸም ሚዛን ላይ ቀሎ መገኘቱ አይቀርም። ስለዚህ የውህደት ሰነድ የሚያረቅ ሰው ቢያማክረኝ፣ የዝርያ ለዪ መደብ ሲለቀቅ በዝርያ ለዪ ብቻ እንዲተካ የሚያዝ አንቀጽ ከስም ለውጡ በፊት እንዲጻፍ እጠይቀዋለሁ።