የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪዎች ነባሩን ሙያ ከዘመናዊ ቅርጽ ጋር ያጣጣሙበት መንገድ

የስዊዘርላንድ የቅንጦት የእጅ ሰዓቶች በሞላና በጥቃቅን ባለጥርስ ጎማዎች የሚሠሩ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ የእጅ ሙያ ውጤቶች ናቸው። ይህ ሙያ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የህልውና ፈተና ገጥሞት ነበር።

የጃፓኑ ሴኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 25 ቀን 1969 የመጀመሪያውን ባለባትሪ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። የሰዓቱ መዛባት በወር ከ5 ሰከንድ አይበልጥም ነበር። የኳርትዝ ሰዓቶች ዋጋ እየረከሰ ሲሄድም በቀን ጥቂት ሰከንዶች የሚዛቡት ሜካኒካል ሰዓቶች ውድድሩን መቋቋም ተሳናቸው። እ.ኤ.አ በ1970 ወደ 90 ሺህ ይጠጋ የነበረው የአገሪቱ የሰዓት ኢንዱስትሪ ሠራተኞች ቁጥር በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ30 ሺህ ጥቂት ከፍ ወደሚል አሽቆለቆለ።

በዚህ ወቅት አዲስ አቅጣጫ ከተከተሉት መካከል እ.ኤ.አ በ1875 የተመሠረተው ኦደማር ፒጌ ይጠቀሳል። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ1972 በንድፍ ባለሙያው ዤራልድ ዤንታ የተነደፈውን ሮያል ኦክ የተሰኘ ሰዓት አቀረበ። የመስተዋቱ ክፈፍ ስምንት ጎን ያለው፣ ስምንት ብሎኖቹም ከውጭ የሚታዩ ሲሆን አካሉ ከወርቅ ሳይሆን ከአይዝጌ ብረት የተሠራ ነው። ያም ሆኖ ዋጋው ከብዙ የወርቅ ሰዓቶች የላቀ ነበር። ምክንያቱም በውስጡ ያለው 3.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሜካኒካል ሞተር የነባሩ ሙያ ውጤት ነው። ሮያል ኦክ ዛሬም በመመረት ላይ ይገኛል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ በ2020 የስዊዘርላንድንና የፈረንሳይን የሜካኒካል ሰዓት ሥራ ጥበብ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቧል። የኦደማር ፒጌ ተሞክሮ እንደሚያመለክተው፣ ቅርጹ ከዘመኑ ጋር ቢለወጥም ጠብቆ ማቆየት የሚያስፈልገው የባለሙያውን ዕውቀት ነው።