የክንፍ መርገብገብ፤ ከ1916 ጀምሮ እስከ ዘመናችን አይሮፕላን ሠሪዎች

አይሮፕላን በአየር ላይ ሳለ ሲሰባበር ብዙውን ጊዜ የምናስበው የጥንካሬ ጉድለትን ነው። ሸክሙ በዛ፣ ብረቱ ደከመ፣ ብሎኑ ላላ እንላለን። ይሁን እንጂ ከሸክም ብዛት ይልቅ ሚዛንንና ግትርነትን የሚመለከት ሌላ የስብራት ምክንያት አለ። እርሱም ባለሙያዎች «ፍላተር» ብለው የሚጠሩት፣ እኛም በአማርኛ «መርገብገብ» ልንለው የምንችለው ክሥተት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ችግር እንዴት እንደ ታወቀ፣ መፍትሔው እንዴት እንደ ተገኘ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላም በቀላል አይሮፕላን ሠሪዎች ዘንድ ስለምን እንደ ገና እንደ ተነሣ ባጭሩ ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመሠረቱ ማንኛውም ክንፍ ጥቂት ይታጠፋል፤ ጥቂትም ይጠማዘዛል። በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ በማጠፊያ የተያያዘው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ማለትም ኤይለሮን፣ የክብደት ማዕከሉ ከማጠፊያው በስተኋላ ከሆነ አደጋው ከዚህ ይጀምራል። ክንፉ በነፋስ ተገፍቶ ወደ ላይ ሲነሣ የኤይለሮኑ ከባድ ጫፍ ወደ ኋላ ቀርቶ ወደ ታች ይዘነበላል። ኤይለሮን ወደ ታች ሲዘነበል ደግሞ የክንፉን ማንሻ ኃይል ይጨምራል፤ በዚህም የተነሣ ክንፉ ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋል። ክንፉ ሲመለስም ነገሩ ተገልብጦ ይደገማል። በዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ በትክክለኛው ጊዜ እየተገፋ ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ የክንፉም ንዝረት ከሚያልፈው ነፋስ ኃይል እየወሰደ ያድጋል። እስከ አንድ የተወሰነ ፍጥነት ድረስ ነፋሱ ንዝረቱን ያበርደዋል፤ ከዚያ ወሰን በላይ ግን ያባብሰዋል። ስለዚህ ወሰኑ ከታለፈ ክንፉን ለመስበር ጥቂት ሴኮንዶች ይበቃሉ።

ችግሩ በሳይንሳዊ መንገድ የተመረመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በ1916 የእንግሊዝ አገር ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ሀንድሊ ፔጅ ኦ/100 ጭራው በኃይል ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር መሐንዲሱ ላንቸስተር ጉዳዩን እንዲመረምር ተደረገ። ላንቸስተር እንደ ደረሰበት፣ በጭራው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ኤሌቬተሮች እርስ በርሳቸው አልተያያዙም፤ እያንዳንዳቸው ከአብራሪው መሪ ጋር የተገናኙት በየራሳቸው ረጅም ኬብል ብቻ ነበር። ስለዚህ አንደኛው ሲወጣ ሌላኛው እየወረደ የአይሮፕላኑን አካል ያጠማዝዙት ነበር። መፍትሔው ሁለቱን በአንድ ግትር ቱቦ ማያያዝ ሆነ። ቤርስቶና ፌጅ የተባሉት ሊቃውንትም የክሥተቱን የሒሳብ ትንታኔ አቀረቡ። በሚቀጥለው ዓመት ዲኤች 9 የተባለው አይሮፕላን በተመሳሳይ ችግር የሰው ሕይወት አስጠፋ፤ የዳነውም በዚያው መድኃኒት ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ እርምጃ በሆላንድ ተወሰደ። በ1922 ገደማ ፎን ባውምሀወርና ኮኒንግ የአንድ የቫን በርከል አይሮፕላን ክንፍና ኤይለሮን ስለምን እንደሚርገበገቡ መርምረው፣ ከማጠፊያው ፊት ለፊት ክብደት በመጨመር የኤይለሮኑን የክብደት ማዕከል ወደ ማጠፊያው ቢያመጡት ንዝረቱ እንደሚጠፋ አረጋገጡ። በ1928 ፍሬዘርና ደንከን በእንግሊዝ አገር፣ በ1935 ደግሞ ቴዎዶርሰን በአሜሪካ የጉዳዩን ንድፈ ሐሳብ አስፋፉት። ከዚያም ወዲህ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለ ሥልጣን «ሪፖርት ቁጥር 45» በሚል ስም ለቀላል አይሮፕላኖች የሚያገለግል አጭር መመሪያ አወጣ። ይዘቱም፣ ክንፉ እንዳይጠማዘዝ በቂ ግትርነት ይኑረው፤ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ በክብደት ይመጣጠኑ፤ ትናንሾቹ ትሪም ታቦች ልቅነት አይኑራቸው የሚል ነው።

እንግዲህ እውቀቱ ከተገኘ በኋላ ችግሩ ስለምን ተደገመ? ለዚህ ዞዲያክ ሲኤች 601 ኤክስኤል የተባለው፣ ብዙዎች ከኪት እየገጣጠሙ በግላቸው የሚሠሩት ባለ ሁለት መቀመጫ የብረት አይሮፕላን ጥሩ ምሳሌ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በኤፕሪል 2009 እንዳስታወቀው፣ ከ2006 ጀምሮ ይህ ዓይነት አይሮፕላን በአሜሪካና በኤውሮፓ በስድስት አደጋዎች በአየር ላይ ተሰባብሮ 10 ሰዎች ሞተዋል። ቦርዱ የኤይለሮን መርገብገብን እንደ ምክንያት በመጠርጠር አይሮፕላኑ እንዳይበር አስቸኳይ ሐሳብ አቀረበ። ኤይለሮኖቹ የማመጣጠኛ ክብደት አልነበራቸውም። የአይሮፕላኑ አዘጋጆች ግን የኬብሎቹ ውጥረት እንደ ታዘዘው ከተጠበቀ መርገብገብ አይደርስም የሚል አቋም ነበራቸው። በኖቬምበር 2009 አንድ ተጨማሪ አይሮፕላን በአርካንሶ ከተሰባበረ በኋላ ክንፉን የሚያጠናክርና ኤይለሮኖቹን በክብደት የሚያመጣጥን ማሻሻያ ታዘዘ። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2010 ባወጣው ጥናት አንድ ብቸኛ ምክንያት አላስቀመጠም፤ የክንፉን አሠራር፣ መርገብገብን፣ የመሪውን ክብደትና የፍጥነት መለኪያውን ትክክለኛነት በአንድነት ነቅፏል።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ለሙያችን ትልቅ ትምህርት አለው። የኬብል ውጥረት በሙቀትና በብርድ ይለዋወጣል፤ በጊዜ ብዛት ይላላል፤ በመካኒኩ ትጋትም ይወሰናል። በማጠፊያው ፊት የታሰረ እርሳስ ግን ማንም ባያስታውሰውም ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ የሰውን ሕይወት በየዓመቱ በሚደረግ ቁጥጥር ላይ ብቻ ከመጣል፣ ደኅንነቱን በንድፉ ውስጥ መትከል የተሻለ ነው። ይህም ሲባል ቁጥጥር አያስፈልግም ማለት አይደለም። በሴፕቴምበር 2011 በኔቫዳ ግዛት፣ በሬኖ የአየር ውድድር ላይ አንድ የተሻሻለ ፒ 51 አይሮፕላን የኤሌቬተሩ ትሪም ታብ መያዣዎች በማርጀታቸው ታቡ ተርገብግቦ፣ አብራሪውንና 10 ተመልካቾችን ገድሏል።

በግል የተሠራ አይሮፕላን በበረራ ላይ ሲንቀጠቀጥ ምርመራው ሥርዓት ያስፈልገዋል። ንዝረቱ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚለዋወጥ ከሆነ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ይመረመራሉ፤ ከበረራው ፍጥነት ጋር ከሆነ ግን መርገብገብ ይጠረጠራል። አብራሪው ወዲያውኑ የሞተሩን ኃይል ቀንሶ፣ አፍንጫውን በቀስታ አንሥቶ ፍጥነቱን ማብረድ፣ ካረፈም በኋላ ለማረጋገጥ ብሎ እንደ ገና አለመብረር ይገባዋል። በመሬት ላይ የማጠፊያዎችና የመጋጠሚያዎች ልቅነት በእጅ ይፈተሻል፤ የኬብሎቹ ውጥረት በመሣሪያ ይለካል፤ የተላቀቁ ሪቬቶችና የተጨማደደ ቆርቆሮ ይፈለጋሉ። ከዚያም ተንቀሳቃሹ ክፍል ተፈትቶ በማጠፊያው ላይ ሚዛኑ ይታያል። ይህ የሚደረገው ከቀለም በኋላ ነው፤ ከማጠፊያው በስተኋላ የተደራረበ ቀለም፣ የተለጠፈ ጥገና ወይም ታምቆ የቀረ ውሃ ሚዛኑን ያዛባልና።

በደጋ አገር ለሚበር ሰው አንድ ነገር ይጨመራል። አየሩ ሲሳሳ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ከእውነተኛው ፍጥነት ያንሳል። ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ልዩነቱ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል፤ መለኪያው 100 ኖት ሲል እውነተኛው ፍጥነት 120 ኖት ያህል ነው። የመርገብገብ አደጋ ደግሞ ይበልጥ የሚያያዘው ከእውነተኛው ፍጥነት ጋር ነው። አዲስ አበባ ራስዋ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ፣ በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈን የፍጥነት ወሰን ሳያመዛዝኑ መቀበል አይገባም።

ከ1916 ጀምሮ የተገኘው ትምህርት ሲጠቃለል ጥቂት ቃል ነው፤ የሚንቀሳቀሰውን ማመጣጠን፣ የተያያዘውን ማጥበቅ፣ ወሰኑን ማወቅ። ይህን ለማወቅ የብዙ ሰው ሕይወት ተከፍሎበታል። የእኛ ድርሻ የተከፈለበትን እውቀት በሥራ ላይ ማዋል ነው።