ዋልታ ረገጥነት፦ ከፓሪስ መስኮት እስከ ቀይ ሽብር

በኢትዮጵያ ፖለቲካ «ዋልታ ረገጥ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይወረወራል። ሁሉም ዋልታ ረጋጩ ሌላው ወገን እንደሆነ ያምናል። ፈረንጆች «ፖላራይዜሽን» የሚሉትም ይህንኑ ነው። ቃሉ ወደ ፖለቲካ ከመዝለቁ በፊት ግን የብርሃን ጥናት ቃል ነበር። ታሪኩን የተከተለ ሰው የዛሬው አጠቃቀም ዋናውን ነገር እንደሳተ ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1808 ኤትየን ሉዊ ማሉስ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር መሐንዲስ በፓሪስ የሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች ላይ ያረፈውን የምሽት ፀሐይ ነጸብራቅ በካልሳይት ድንጋይ አሻግሮ ተመለከተ። ካልሳይት አንዱን ምስል ሁለት አድርጎ ያሳያል። ድንጋዩን ሲያዞረው ግን አንዱ ምስል ሲደበዝዝ ሌላው ይደምቅ ነበር። ማሉስ ብርሃን እንደ ማግኔት ዋልታ ባላቸው ቅንጣቶች የተሠራ ስለመሰለው ክስተቱን «ፖላራይዜሽን» አለው።

ብርሃን ሞገድ መሆኑ ሲታወቅ ነገሩ ጠራ። የፀሐይ ብርሃን ወደ ጉዞው አግድም በሆነ አቅጣጫ ሁሉ ይርገበገባል፤ ፖላራይዝ የሆነው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ። እዚህ ላይ የተራራቀ ነገር የለም፤ የጠፋው የአቅጣጫ ብዛት ነው።

ሒሳብም የራሱ የፖላራይዜሽን ቀመር አለው። ሁለት ቬክተሮች ምን ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚያመለክቱ ለማወቅ የየብቻቸው ርዝመት አይበቃም። የድምራቸው ርዝመት ካሬ ላይ የልዩነታቸው ርዝመት ካሬ ተቀንሶ ለ4 ይካፈላል። የእያንዳንዱ ጉልበት ብቻውን ስለ ዝምድናቸው ምንም አይናገርም።

በማኅበረሰብም እንዲሁ ነው። ኢሕአፓና መኢሶን ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ፣ ሁለቱም ማርክሳውያን፣ ሁለቱም «መሬት ለአራሹ»ን የደገፉ ነበሩ። በሐሳብ ርቀት ቢለኩ ጎረቤታሞች ናቸው። የለያቸው በዋናነት ደርግን ምን ማድረግ ይገባል የሚለው ጥያቄ ነበር። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ሲል መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ገጾች በብዕር ይሟገቱ የነበሩ ወገኖች በ1969 በጥይት ይፈላለጉ ጀመር። ያ አንድ ጥያቄ ሌላውን ሁሉ ዋጠው፤ ጓደኝነትም፣ ሥጋ ዝምድናም፣ ጉርብትናም በእርሱ ተሰለፉ። የልዩነቱ ማነስ ማንንም አላዳነም። መኢሶንም በነሐሴ 1969 ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ሲገባ በተራው ተመታ።

ስለዚህ አንድ ሕዝብ ዋልታ ረግጧል ወይ ሲባል መመርመር ያለበት ሰዎች ምን ያህል መራራቃቸው ብቻ አይደለም። የአንድ ሰው አንድ አቋም ሲሰማ የቀረው ሁሉ ይታወቃል? ስለ ሰንደቅ ዓላማ የሚያስበውን የሰማ ሰው ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ታሪክ፣ ለማን ሞት እንደሚያለቅስም ጭምር መገመት ከቻለ ሕዝቡ ተሰልፏል።

የፊዚክስ መምህራን የሚያሳዩት አንድ ሙከራ አለ። ሁለት የፖላራይዜሽን ማጣሪያዎች በ90 ዲግሪ ተነባብረው ሲቀመጡ ብርሃን አያልፍም። በመካከላቸው ሦስተኛ ማጣሪያ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ሲገባ ግን ከመነሻው ብርሃን እስከ አንድ ስምንተኛ ያህሉ ያልፋል። መጋረጃ ተጨምሮ ብርሃን ይገኛል!

ሰው ብርሃን አይደለም፤ ቢሆንም በ1969 የታጣው ይኸው ሰያፍ ቦታ ነበር። በአንዱ ጉዳይ ከኢሕአፓ፣ በሌላው ከመኢሶን ተስማምቶ ሁለቱን ሊያነጋግር የሚችል ሰው የሚቆምበት ስፍራ አልተረፈም። የዘመኑ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ሰው «መሐል ሰፋሪ» ብሎ ሰደበው። አንድ አገር ሊፈራ የሚገባው ጽንፈኞቹ ሲጮኹ ብቻ አይደለም፤ መሐል መቆም ነውር የሆነ ዕለት ነው።