የቱ ጠመንጃ ይበልጣል?

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ጊንጪ ሲደርስ በስተሰሜን በኩል የጭልሞ ጫካ ይገኛል። ጥዱና ዝግባው፣ ጉሬዛውና ድኩላው ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በእንዲህ ያለ አገር የጠመንጃ ነገር ከተነሣ ክርክሩ ቶሎ አያልቅም፤ አንዱ ውጅግራን ያወድሳል፣ ሌላው በልጅግን ያስቀድማል። ለመሆኑ የቱ ይበልጣል?

ውጅግራ ስሙን ያገኘው «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጎራሽ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ጥይቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከራቀ ይወድቃል፤ ተኳሹ ከፍ አድርጎ ማነጣጠር አለበት። በልጅግ ግን፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ ቤልጅግ የተሠራ ማውዘር ነው። 7.92 ሚሊ ሜትር፣ አምስት ጎራሽ፣ የጥይቱ ፍጥነት በሴኮንድ ከ700 ሜትር በላይ፣ ጭሱም እምብዛም የማይታይ። በወረቀት ላይ ክርክሩ እዚህ ያበቃል።

ጫካ ውስጥ ግን አያበቃም። አዳኝ ድኩላን የሚተኩሰው በሃምሳ፣ በስድሳ እርምጃ ነው። በዚህ ርቀት የሁለቱ ልዩነት ጥቂት ነው፤ የውጅግራ ከባድ እርሳስ ሥራውን ይሠራል። ጉዳቱ ጭሱ ነው። አውሬው ይውደቅ ይሽሽ ሳይታወቅ፣ ሁለተኛ ጥይት እስኪጎርስ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ ባለ ውጅግራ ቀርቦ፣ ታግሦ፣ አንዴ ብቻ መተኮስን ይለምዳል።

ሌላም ነገር አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጥይት በየገበያው እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ፣ ዝናር ውስጥ እርጥበት ያገኘው ጥይት፣ ጠመንጃው ምንም ቢሆን፣ ከዒላማው መድረሱ ያጠራጥራል። በ1888 ዓ.ም. አድዋ የዘመተው ሠራዊትም የያዘው ውጅግራ፣ ራሚንግተን፣ ቬተርሊ እየተባለ ልዩ ልዩ ነበረና የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም ነበር።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በ1928 ዓ.ም. ነው። በዚሁ በደንዲ ምድር የተወለዱት፣ ኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑት ጃጋማ ኬሎ፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ጫካ ሲገቡ ጥይት የሚልክ መንግሥት በአገሩ አልነበረም። የበልጅግ ጥይት ያለቀበት አርበኛ የያዘው ዱላ ነው። ያን ጊዜ ተፈላጊው የጣሊያኑ 6.5 ሚሊ ሜትር ካርካኖ ሆነ፤ ጥይቱን ጠላት ራሱ ያመጣለታልና። እርሱም ጉድለት አለው። ስድስቱን ጥይት አቅፎ ወደ ካዝናው የሚገባው ቆርቆሮ ከጠፋ፣ ጥይቱ አንድ በአንድ ካልሆነ አይጎርስም። ቆርቆሮውን ጥሎ ጠመንጃውን ብቻ የማረከ ሰው ስድስት ጎራሹን እንደ ውጅግራ አንድ ጎራሽ አድርጎት ተመለሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ውጅግራን የሚያወድሰውም በልጅግን የሚያስቀድመውም አልተሳሳቱም። ፋብሪካ የሚሰጠው የአፈሙዙን ልክ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ግን የሚተኮስበት ቦታና፣ ከሁሉ በላይ፣ የነገው ጥይት ከየት ይመጣል የሚለው ነው።