አሥር ጨዋታ፣ አሥር ድል

የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ በእግር ኳስ ታሪኩ ሳይሸነፍና አቻ ሳይወጣ የጨረሰው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በፈረንጆቹ 1962። እግር ኳስ ስል እኛ የምናውቀውን አይደለም። ያ ኳሱ እንደ እንቁላል የሞለለው፣ ተጫዋቹም የራስ ቁር ደፍቶ የሚላተምበት የአሜሪካኖቹ ጨዋታ ነው። በአገሪቱ ደቡብ ደግሞ ነገሩ ከጨዋታም በላይ ነው፤ ቅዳሜ ስታዲየም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን።

በአሠልጣኝ ጆኒ ቮት የሚመራው ቡድን አሥር ጊዜ ገጥሞ አሥሩንም አሸነፈ። የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ሆነ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1963 ኒው ኦርሊንስ ላይ አርካንሶን 17 ለ 13 አሸንፎ ዓመቱን ዘጋ። ታዲያ ማን ይህን ድል ይጠላል?

ግን ቡድኑ ውስጥ አንድም ጥቁር አልነበረም። እንዴት ይኖራል? ዩኒቨርሲቲው ራሱ ጥቁር አይቀበልም ነበር። የክፍለ ግዛቱ የመንግሥት ኮሌጆች ጥቁር ተጫዋች ካለው ቡድን ጋር እንዳይገጥሙ የሚከለክል ያልተጻፈ ሕግም ነበር። ይህን ግድግዳ የነካው ኳስ ተጫዋች ሳይሆን ጄምስ ሜሬዲት የሚባል፣ ዘጠኝ ዓመት በአየር ኃይል ያገለገለ የ29 ዓመት ሰው ነው። ልማር ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤትም ፈረደለት።

ሴፕቴምበር 29 ቀን ቡድኑ ጃክሰን ከተማ ላይ ከኬንታኪ ጋር ይጫወት ነበር። በእረፍት ሰዓት አገረ ገዢው ሮስ ባርኔት ወደ ሜዳ ወጥተው ማይክሮፎን ጨበጡ። ሚሲሲፒን እንደሚወዱ፣ ሕዝቧንና ልማዷን እንደሚወዱ ተናገሩ። ሌላ ምንም አላሉም፤ ማለትም አላስፈለጋቸውም። ስታዲየሙ በባንዲራና በጩኸት ተናወጠ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እኚሁ ሰው በስልክ ከኬኔዲዎቹ ጋር ይደራደሩ ነበር። ማርሻሎቹ ሽጉጥ ይምዘዙብኝና ተገድጄ የተሸነፍኩ ልምሰል ብለው እስከመጠየቅ ደርሰዋል። ሕዝቡ ይህን አያውቅም፤ እሱ የሰማው ንግግሩን ብቻ ነው።

በማግስቱ ማታ ሜሬዲት ኦክስፎርድ ወደሚገኘው ግቢ ገባ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በቴሌቪዥን ቀርበው ተማሪዎቹ በጦር ሜዳና በኳስ ሜዳ ያተረፉትን የክብር ታሪክ እንዲያስቡ ሲማጸኑ፣ ግቢው በድንጋይ፣ በጥይትና በአስለቃሽ ጭስ ይታመስ ነበር። አንድ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛና አንድ የአካባቢው ነዋሪ ሞቱ። ከ160 በላይ ማርሻሎች ቆሰሉ። ሠራዊት ገባ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ ኦክስፎርድ ላይ ሊደረግ ታስቦ ነበር፤ ወደ ጃክሰን ተዛወረ። ቡድኑ ሂዩስተንን 40 ለ 7 ደቆሰ። ከዚያ በኋላ ድሉ ተከታተለ፤ ስለ ሁለቱ ሟቾች ከማውራት ስለ ውጤት ማውራት ለብዙው ሰው ቀለለ። ተጫዋቾቹን አልወቅስም፤ ያው ወጣቶች ናቸው፣ ከፊታቸው የመጣውን ጨዋታ ተጫወቱ። የሚያስፈራው የደስታ ጉልበት ነው። ሕዝብን ለማነሳሳት ያገለገለው ሜዳ፣ ያው ሕዝብ ያደረገውን እንዲረሳም አገለገለ።

ሜሬዲትስ? እሱም ዓመቱን ሙሉ ኳስ ሰምቷል። ተማሪዎች ከክፍሉ በላይ ባለው ፎቅ ሌሊቱን ቅርጫት ኳስ እያነጠሩ እንቅልፍ ይነሱት ነበር። ምግብ ቤት ሲገባ ጀርባ ይሰጡታል። በጠባቂ ታጅቦ ተማረ፤ በኦገስት 1963 ተመረቀ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ የዚያ ዓመት ትልቁ ድል ይህ ነው። አጨብጫቢ ግን አልነበረውም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ቤን ዊሊያምስ የተባለ ጥቁር ወጣት የዚያኑ ቡድን ማልያ ለብሶ ሜዳ ገባ። በ2006 የሜሬዲት ሐውልት በግቢው ቆመ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለን እንዳንዘጋው ግን፣ በ2014 የሐውልቱ አንገት ላይ የመስቀያ ገመድ ታስሮ ተገኘ። የ1962ቱ የውጤት ሰሌዳ አሥር ለዜሮ ይላል። የሌላኛው ግጥሚያ ውጤት ገና አልተጻፈም።